ፈጪ የሌለበት ወፍጮ

«በኢትዮጵያ የመጀመሪያው…» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ በስልኬ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የመጀመሪያው ስልክ፣ የመጀመሪያው አውቶሞቢል፣ የመጀመሪያው ሲኒማ፣ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ። ከሥሩ የአጤ ምኒልክ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ሥር የላይክ መዓት፣ አስተያየት መስጫው ውስጥ ደግሞ የተለመደው ጦርነት። እወዳቸዋለሁ፤ አልዋሽም። ማታ ተጋድሜ አሥር አሥራ አምስቱን አከታትዬ አነባለሁ። ደብረ ብርሃን ስላደግሁ ደግሞ የታሪኩ ግማሽ ከደጃችን የተነሣ ይመስለኛል። አንኮበር ከከተማችን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው።

ባለፈው ክረምት ግን አንዱን ለአያቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ነገር ተበላሸ። ጽሑፉ ስለ አንኮበር የውሃ ወፍጮ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ በ1830ዎቹ ዓ.ም. ሸዋ የገባው ካፒቴን ሐሪስ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ዲሜጥሮስ የሚባል የውጭ አገር ሰው በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠራ። ወፍጮው ጥቂት ቀን እንደዞረ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ። ቆመ።

እኔ ሳቅሁ። አያቴ አልሳቀችም።

«እና ማን ፈጨ?» አለችኝ።

«እንዴት ማን ፈጨ እምዬ?»

«ወፍጮው ቆመ አልክ። ንጉሡ እንጀራ መብላት አልተወ። ማን ፈጨ?»

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉም አልነበረውም። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም፤ ራሱ ሐሪስና ሌሎች የዘመኑ ተጓዦች በቤተ መንግሥቱ ስለነበሩት ፈጪዎችና ጋጋሪዎች ጽፈዋል። ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ባሮች። ያ የውሃ ጎማ መዞሩን ሲተው ዱቄቱ ወደ እነሱ ትከሻ ተመለሰ። ታሪኩን ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ስንነግረው ግን የምንስቀው በካህናቱ ነው፤ የምናዝነውም «ሥልጣኔ አመለጠን» ብለን ነው። ማሽኑ ለማን እንደመጣና ማን እንደቀረበት የጠየቀ ሰው ካለ ከእኔ በፊት አያቴ ናት። እሷ ደግሞ የምትጠይቀው ስለምታውቀው ነው። ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ መጅ ስትገፋ ኖራለች። የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዛሬም ዝቅ ያለ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የ«መጀመሪያው» ጽሑፎችን ማንበብ አላቆምኩም፤ እንደ ድሮው ማንበብ ግን አቃተኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ታሪክ ምሁር ሳይሆን አንድን የአጻጻፍ ልማድ እንደሚወድና እንደታከተው አንባቢ ነው።

ልማዱ አባት አለው። ጳውሎስ ኞኞ። «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው የጋዜጣ ዓምዱ አገሩን ሁሉ ጠያቂ ያደረገ፣ «አጤ ምኒልክ» በሚለው ትልቅ መጽሐፉ ደግሞ ስልኩንም መኪናውንም ሲኒማውንም ለተራ አንባቢ በሚጥም አማርኛ ያወጋን ሰው ነው። ዛሬ በስልካችን የሚዞረው አብዛኛው ጨዋታ፣ ጸሐፊው ባያውቀውም፣ የእሱ እጅ አለበት። ጳውሎስን መንቀፍ ይከብደኛል። ከእሱ በፊት እነዚህን ነገሮች የምናገኛቸው በዜና መዋዕልና በሹማምንት መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በስደት እንግሊዝ አገር ሆነው በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ውስጥ ያስገቡትን አዲስ ነገር ሁሉ እንደ ንብረት ቆጠራ ዘርዝረውታል። ጳውሎስ ዝርዝሩን ወደ ጨዋታ ቀየረው። ሕይወት ዘራበት። ችግሩ ከጨዋታው ጋር የጨዋታው ቅርጽም አብሮ መጣ።

ቅርጹ ሦስት ሰው ብቻ የሚጫወትበት ቲያትር ነው። ዕቃውን ያመጣው ፈረንጅ፣ የተደነቀው ንጉሥ፣ የደነገጠው ቄስ። ወፍጮም ይሁን ስልክ ሦስቱ ብቻ ይበቃሉ። ስልኩን ታውቁታላችሁ፦ ሰው በሌለበት ድምፅ ተሰማ፣ ካህናቱ ጋኔን ነው አሉ፣ ንጉሡ ግን ጸኑ። መጋረጃ። ሽቦውን ከሐረር አዲስ አበባ ድረስ የዘረጋው፣ እንጨቱን የቆረጠና የተሸከመው፣ ዝሆንና ምስጥ የጣለውን ምሰሶ መልሶ ያቆመው ሰው መድረኩ ላይ አይወጣም። አልፍሬድ ኢልግን እንኳ ተመልከቱ። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ብቻውን አልነበረም፤ ሁለት ስዊዛውያን የእጅ ባለሙያዎች አብረውት ነበሩ። የኢልግን ስም የማያውቅ የለም፤ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ ስፋልኝ ብለው ፈተኑት የሚባለውንም ሁላችን እንተርካለን። የሁለቱን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? ፈረንጅም ቢሆን እኮ ሠራተኛ ከሆነ ይጠፋል።

የሚገርመው ምኒልክ ራሳቸው ከዚህ ጨዋታ የተሻለ ያውቁ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ አለ፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ የሚያዝ። ያ አዋጅ ለእኔ ከስልኩ ይበልጥብኛል። አንድ ንጉሥ የማሽን ሁሉ ደንቃራ ምን እንደሆነ አይቶ በስም ጠርቶታል፤ ቡዳ እየተባለ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ባለበት አገር ፋብሪካ አይቆምም። «የመጀመሪያው ፀረ ስድብ አዋጅ» የሚል ልጥፍ ግን እንደ መኪናው ሲዘዋወር አይቼ አላውቅም። ፎቶ ስለሌለው ይሆናል።

*

አንድ ሰሞን ስለ ካናዳ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1919፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በማግሥቱ፣ ዊኒፔግ በምትባል ከተማ 30,000 ያህል ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ኑሮ ተወዶ ደመወዝ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የወጡት እነማን መሰሏችሁ? ስልክ የሚያገናኙት ሴቶች። ግንቦት ወር አንድ ጠዋት በአንድ ሰዓት የሌሊቱ ፈረቃ ወጣ፤ የቀኑ ፈረቃ አልገባም። ከተማው «ሃሎ» የሚለው አጣ። አድማው ስድስት ሳምንት ቆየ፤ በመጨረሻ በፖሊስ ጥይት ሰው ሞቶ ተበተነ።

ይህን ሳነብ የደነቀኝ የእነሱ አድማ አይደለም፤ አድማ የትም አለ። የደነቀኝ ስልኩና አድማው አንድ ገጽ ላይ መሆናቸው ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱ የተለያየ መደርደሪያ ላይ ነው ያሉት። ስልክ፣ ባቡር፣ ወፍጮ «ድንቃ ድንቅ» ላይ፤ አድማ ደግሞ «ፖለቲካ» ላይ። የመጀመሪያውን የሚያነብ ሰው ይዝናናል፤ ሁለተኛውን የሚያነብ ይጣላል። ነገሩ ግን አንድ ታሪክ ነው። አያቴ ብቻዋን ጓዳ ውስጥ ስትፈጭ ማንን ብላ ልታድም? ባሏን? አማቷን? መጁን ብትጥል ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ሌላ ማንም አይሰማም። ሰው አድማ የሚመታው ማሽን መቶና ሁለት መቶ ሆኖ አንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ፊሽካ ሲሰበስበው ነው። አዲሱ ዕቃና አዲሱ ቁጣ አብረው ነው የተወለዱት።

ቃሉን ራሱን እዩት። «አድማ»። በአማርኛ አድማ ከሥራ ማቆም በፊት ሤራ ነው፤ «አደሙበት» ስንል ተማከሩበት፣ ሊያጠፉት ተስማሙ ማለታችን ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ «ደመወዝ ካልጨመራችሁ አልሠራም» ሲል ገና አፉን ሳይከፍት ቋንቋው ሤረኛ አድርጎታል። «የሥራ ማቆም» የሚል ቅጽል ለጥፈን ለማለስለስ ሞክረናል። ሥሩ ግን ይቀራል። «ሠራተኛ»ም ያው ነው፤ ያለ ማብራሪያ «ሠራተኛዋ» ስንል ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ያለችውን ልጅ ማለታችን ነው። በአብዮቱ ሰሞን ቃሉ አልበቃ ብሎ ወዝ ነው ላብ ነው ተብሎ በጽሑፍ ተከራከሩበት። ወዛደር፣ ላብ አደር። ያን ሁሉ ቀለም ያፈሰሱት ምሁራን ናቸው፤ ወዙም ላቡም የሌላ ሰው ነበር።

*

ከጣልያን ወረራ በኋላ ያለው ዘመን ሁለቱን መደርደሪያ አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ቦታ ነው።

በምድር ባቡር ልጀምር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለ ኩባንያው፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ፈረንሳይና ስለ ምኒልክ የተጻፈው ብዙ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1939 ዓ.ም. ገደማ ግን የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመው በኃይል ተበተኑ። የአገራችን ዘመናዊ የሠራተኛ ትግል ከሚጠቀስባቸው ቀዳሚ ታሪኮች አንዱ ነው። ለገሃርን የሚያወሳ ጽሑፍ ሁሉ ስሙ ከፈረንሳይኛ እንደመጣ ሳይነግራችሁ አያልፍም፤ አድማውን ግን ያልፈዋል።

ወንጂን ደግሞ ቀመሱት እንጂ አላነበቡትም ልበል? ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር የአገሩ ጣዕም ተለወጠ። ስኳር የእንግዳ ነገር መሆኑ ቀረና ሻይ በየመንገዱ ተፈላ። ከዚያው ቤት የወጣው ከረሜላ ስሙ «ደስታ» ነበር። ወላጆቻችን የልጅነታቸውን ጣዕም ሲያወሩ ደስታ ከረሜላን ሳይጠሩ አይቀሩም፤ ደስ የሚል ጽሑፍም ይወጣዋል። ከሸንኮራው ማሳ በኩል ግን ሌላ ታሪክ አለ። በዚያ ስምጥ ሸለቆ ሠራተኛው ለዓመታት የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር፤ የልጆቹን ጥርስ አበለዘ፣ ብዙ የቆዩትን ሠራተኞች አጥንት አደነደነ፣ አንገትና ወገብ አላዞር አለ። ሐኪሞች በጥናት መዝግበውታል። የሕክምና ጥናት ሆኖ ቀረ። ከረሜላው ትዝታ ሆነ፣ አጥንቱ ዶሴ ሆነ። ወንጂ ከአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የተደራጀበትና ተደጋጋሚ የሥራ ማቆም የታየበት ቦታ መሆኑ ከዚህ ጋር አብሮ ሲነገር ደግሞ ሰማሁ ለማለት ይቸግረኛል።

ሕጉ የመጣው ከዚህ ሁሉ ግፊት በኋላ ነው። የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተቋቋመ። አርባ የሚያህሉ ማኅበራት ነበሩ ያቋቋሙት። ይህ «መጀመሪያ» ነው። በቀጥታ የምናውቀውን ሕይወት የነካ «መጀመሪያ»። ማኅበሩን ለዓመታት የመሩት በየነ ሰሎሞን ትዝታቸውን ጽፈዋል፤ መጽሐፉ የታተመው ግን ውጭ አገር፣ በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። የአንኮበሩን ወፍጮ እንግሊዝ ጻፈልን፤ የሠራተኛውን ማኅበር እኛው በእንግሊዝኛ ጻፍነው። ቢያንስ አንድ ተርጓሚ የለም ወይ ያሰኛል።

*

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ፤ ወደ ብርድ ልብሱ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አለፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ብርዷን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ስለዚህ የዚህ አገር ትልቁ ፈጠራ ስልክም መኪናም አይደለም፤ ልብስ ነው። መንዝ ያን ጥንት ያውቅበታል። ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና ይወጣል፣ ዝተት ይወጣል፣ በርኖስ ይወጣል። ከባድ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይሸታል፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በ1950ዎቹ ማብቂያ ደግሞ የሱፍ ፋብሪካው ከተማችን ውስጥ ተተከለና «የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ» የሚባል ነገር በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ቀላል፣ ለስላሳ፣ ባለ መስመር። የጥሎሽ ዕቃ ሆነ። ወታደርና ተማሪ ለበሰው። አያቴ ቤት ሁለቱም አሉ፤ ባናው ከታች ይነጠፋል፣ ብርድ ልብሱ ከላይ ይደረባል። አንድ አልጋ ላይ ሁለት የሥራ ዘመን።

ከባናው ወደ ብርድ ልብሱ የተደረገው ጉዞ ልብ ወለድ የሚወጣው ነበር። ጓዳዋ ውስጥ እንዝርት ታሾር የነበረች ሴት ልጅዋ ፋብሪካ ገብታ ሰዓት ፈርማ ስትገባ፣ የጠጉሩ ብናኝ ሳንባዋ ሲገባ፣ የወር ደመወዝ በእጇ ሲገባ፣ ከባሏ ጋር ስለዚያ ደመወዝ ሲነጋገሩ፣ የማኅበር መዋጮ ስትከፍል። ይህ ሁሉ የሆነው አማርኛ ልብ ወለድ ከፍታው ላይ በነበረበት ዘመን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958፣ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962። ሐዲስ ዓለማየሁ ባላባቱንና ገበሬውን ሰጡን፤ ጎጃምን እስከ ዛሬ በእሳቸው ዓይን እናያለን። በዓሉ ግርማ የቢሮውን ሰው ሰጠን፤ አበራ ወርቁ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛው ሸሽቶ ሠዓሊ መሆን የሚመኝ ነው። ገበሬ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ሴተኛ አዳሪም በየልብ ወለዱ ሞልታለች። የፋብሪካ ሰው ግን እንደ እነ በዛብህና አበራ ስሙ አፋችን ላይ አልገባም። ማሽኑ ጋ ስምንት ሰዓት ቆማ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴትን «እገሌ» ብለን እንደ ሰብለ ወንጌል የምንጠራት የለንም።

አብዮቱ መጣና ሠራተኛው በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ ሆነ። የካቲት 1966። የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፣ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራን ወጡ። የካቲት 28 ደግሞ ኢሠአማ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው። አራት ቀን ያህል ቆየ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ይህን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ያን ዘመን በአማርኛ በሰፊው የጻፈው ብርሃኑ ዘሪሁን ነው፤ ሦስት ቅጽ፣ ስሙ «ማዕበል»። ብርሃኑን አከብረዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወሎን የጎበኘ ብዕር ነው። ርዕሱ ግን ሳስበው ያስጨንቀኛል። ማዕበል። በዚያ ዘመን የተጻፈውም የተዘፈነውም ሁሉ እንዲህ ነው፤ ማዕበል፣ ጎርፍ፣ ነበልባል፣ ሰፊው ሕዝብ። ማዕበል ውስጥ አንዲት ጠብታ ትከሻዋ አይታመማትም። ንጉሡና ፈረንጁ የነበሩበት መድረክ ፈረሰና በቦታው አንድ ግዙፍ ሐውልት ቆመ፤ መዶሻ የያዘ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ወንድ። ፈትላ የምታድር የመንዝ ሴት ያን ሐውልት አይታ «ይሄ እኔ ነኝ» የምትል አይመስለኝም። እና ኢሠአማ ራሱስ? ደርግ አፈረሰው፤ በቦታው መላውን ኢትዮጵያ የሚል ስም ያለው፣ ከላይ የሚታዘዝ ማኅበር ተተካ። የሠራተኛው መንግሥት በሚባለው ዘመን አድማ እንደገና ሤራ ሆነ። ቃሉ ወደ ጥንት ትርጉሙ ተመለሰ ማለት ነው።

ሊነሣብኝ የሚችል ክርክር አለ፤ ጓደኛዬም አንሥቶብኛል። «አንተ ዕቃውን ራሱን ልታስጠላን ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም። ወፍጮ መምጣቱን ከአያቴ በላይ የሚያመሰግን የለም። በገጠራችን የእህል ወፍጮውን «ባቡር» ነው የምንለው፤ መርከቡም ባቡር፣ በሐዲድ የሚሄደውም ባቡር፣ እህል የሚፈጨውም ባቡር ተብሏል። በጭስ የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ስም ነበረው። አያቴ ባቡሩ አካባቢያቸው የተተከለበትን ዓመት ከልጆቿ ልደት እኩል ታስታውሳለች። በፊት ግማሽ ሌሊት የሚፈጀው በአህያ ተጭኖ ሄዶ በአንድ ረፋድ ይመለሳል። «ያን ጊዜ ነው እንቅልፍ ያየሁት» ትላለች። እንቅልፍ! ስለ ወፍጮ የተጻፈ ምንም ነገር ውስጥ ይህን ቃል አላገኘሁትም። ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ እርምጃ፣ ስለ ዕድገት ይወራል። የአንዲት ሴት እንቅልፍ ስንት ሰዓት ረዘመ የሚለው ግን የዕቃውን ትልቅነት ከማንም ንጉሥ ፊርማ በላይ ይናገራል።

ግን እሷው ናት ደግሞ ስለ ባቡር ቤቱ ልጅ የምትነግረኝ። ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጭ የሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጋር እየጮኸ የሚያወራ፣ ሲያስል የሚሰማ። ሥራው ከእሷ ትከሻ ተነሥቶ እሱ ሳንባ ላይ ነው ያረፈው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምትናገረው፤ ምስጋናውንም ልጁንም። ለእሷ የማይጋጩት ለምን እኛ ጸሐፊዎቹ ጋ እንደሚጋጩ አይገባኝም። ወይ ማሽኑን እናነግሣለን ወይ ማሽኑን እንረግማለን።

*

ስለ ዛሬ አጭር ልበል። በ2011 ዓ.ም. ከተማችን የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ባንዲራ፣ ሪባን፣ «በዞናችን የመጀመሪያው»፤ ዜናውን አንብቤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐዋሳ ላይ ተመሥርተው ባወጡት ሪፖርት የአገራችን የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና በዓለም ዝቅተኛው እንደሆነ ጻፉ። በዚያው ዓመት ደግሞ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156፣ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ። የካቲት 1966ን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። በ1966 የተጠየቀ ጥያቄ በ2011 «የሚወስን አካል ይቋቋማል» የሚል መልስ አገኘ። አርባ አምስት ዓመት። ከዚያም ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ይህ «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» የሚል ጽሑፍ ሊጻፍበት የሚገባ ነገር ነው፤ ብቻ የመጀመሪያው ገና አልመጣም።

የአክስቴ ልጅ ከቤት ርቃ አንድ ስፌት ፋብሪካ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ስሙን አልጠራውም። የውጭ ትእዛዝ ሲቀንስ «ሲጠራችሁ ትመጣላችሁ» ተብለው ተበተኑ፤ እስካሁን የጠራቸው የለም። ስለ አድማ ጠይቄያት ነበር። ሳቀች። ከታርጌቱ በታች የሰፋ መስመር ሻይ እንደማይወጣ፣ አንድ ቀን ግን አንዷ ልጅ ስታለቅስ መስመሩ ሁሉ ማንም ሳያዝዘው ፔዳሉን ለቆ ዝም እንዳለ ነገረችኝ። ምን ያህል ጊዜ? «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አምስት ደቂቃ ይሆናል።» ከዚያስ? «ከዚያማ ሰፋን።» ይህን በየትኛው መደርደሪያ እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ በአማርኛ ስሙን የሚጠራ ቃል እንኳ የለኝም። አድማ አይደለም፣ ማንም አልተማከረበትም።

የዚያን ዕለት ማታ አያቴ ቤት አድረን ነበር። ብርዱ የታኅሣሥ ነው። የአክስቴ ልጅ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ስትስብ ጠርዙ ላይ እጇ ቆመ፤ ስልኳን አብርታ ስፌቱን አየችው። እኔ መጽሐፍ ሳነብ የማደርገውን ነው የምታደርገው፤ ጣቷን እያስኬደች፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች። ብርድ ልብሱ ከእኛ ከሁለታችንም ዕድሜው ይበልጣል።

«እዚህ ጋ ክር አልቆባታል» አለችኝ። «ቀጥላበታለች። እያት፣ ከዚህ ወዲህ እጇ ፈጥኗል፤ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ነው።»

አያቴ ከወዲያ ሆና «ማናት?» አለች።